በር ሥር የሚመላለስ ዝገት፦ ከቀለም በፊት ምን ይደረግ?

የአንድ አንባቢ ጥያቄ ይህ ነው።

«ጋሼ፣ የምነዳው ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ነው። ነዋሪነቴ ደሴ ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን ወልድያ እመላለሳለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ሙሉ ቀለም አስቀብቼው ነበር። አሁን የአራቱም በሮች የታችኛው ጠርዝ እንደ ሽፍታ እያበጠ ነው። የኋላ ግራውን በጥፍሬ ስነካው ተፈረፈረ። አንዱ ባለሙያ ‹ፍቀን ስቱኮ እንሞላዋለን፣ በሦስት ቀን ይወጣልሃል› አለኝ። ሌላው ‹የባትሪ አሲድ ቀባው፣ ዝገቱን ይበላልሃል› ይላል። ጓደኛዬ ደግሞ መገጣጠሚያውን በሲሊኮን ድፈነው ነው የሚለው። ዝገቱን ጨርሶ የሚገድለው መድኃኒት የቱ ነው? የእህቴ ሰርግ ጥር ላይ ስለሆነ መኪናዋ እንድታምር እፈልጋለሁ። ነሐሴ ሳያልቅ ላስቀባት አስቤያለሁ።»

በበር ጠርዝ እጥፋት ውስጥ የገባን ዝገት ጨርሶ የሚገድል መድኃኒት የለም። በየሱቁ «ዝገት ገዳይ» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ የሚሠራው የደረሰበት ዝገት ላይ ነው። ያንተ ደግሞ ተደብቋል። ውጭ ላይ ያየኸው እብጠት የበሽታው የመጨረሻ ምልክት ነው። ዝገቱ ከውስጥ ተነስቶ፣ ላሜራውን በልቶ፣ ቀለሙን ገፍቶ ነው የወጣው። ስለዚህ የትኛው ቀለም ይሻላል ከማለታችን በፊት ውሃው በየት ገብቶ የት እንደቀረ እንይ።

የመኪና በር ሁለት ላሜራ ነው። አንዱ የምታጥበውና የምትወለውለው የውጩ ነው። ሌላው ከውስጥ ሆኖ ቁልፉንና የመስታወት ማንሻውን የሚሸከመው ነው። ሁለቱ ጠርዝ ላይ ሲገናኙ የውጩ ላሜራ በውስጡ ላይ ይታጠፋል። ልብስ ሰፊ የቀሚስ ጠርዝ እንደሚያጥፈው ማለት ነው። እጥፋቱ ውስጥ ሦስት ንብርብር ላሜራ አለ። በንብርብሮቹ መካከል ያለው ክፍተት አንዳንድ ቦታ ላይ ከወረቀት አይወፍርም። ውሃ እንዲህ ያለ ጠባብ ቦታ ሲያገኝ በራሱ እየተሳበ ይገባል። ከገባ በኋላ ግን ነፋስ ስለማያገኘው ቶሎ አይደርቅም። በዚያ ላይ አየር እንደ ልብ የማይደርስበት የእጥፋቱ ጥልቀት አየር ከሚያገኘው አፉ ቀድሞ ይበላል። ጠርዙ ከላይ ደህና መስሎ ውስጡ ባዶ ሆኖ የሚገኘው ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው በሩ ውሃ እንዳስገባ ሲያውቅ ይደነግጣል። የትኛውም በር ውሃ ያስገባል። ዝናብ በመስታወቱ ላይ ወርዶ፣ የመስታወቱን ጠርዝ ጎማ አልፎ፣ በሩ ሆድ ውስጥ ይገባል። ይህ የታወቀ ነው፤ አምራቹም አስቦበታል። ለዚህ ነው በበሩ የታችኛው ጠርዝ ላይ ትንንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች የተተዉት። የገባው ውሃ በነሱ ይወጣል። ችግር የሚመጣው ቀዳዳዎቹ ሲደፈኑ ነው።

ቀዳዳ የሚደፍን ነገር ደግሞ በእኛ አገር ሞልቷል። በበጋ አቧራው በመስታወቱ ጎማ በኩል ገብቶ በሩ ሆድ ውስጥ ይተኛል። ክረምት ሲመጣ ያው አቧራ ረጥቦ ጭቃ ይሆናል። ጭቃው ቀዳዳው ላይ ይጋገራል። ከዚያ በኋላ በሩ ወደ ማሰሮነት ተለወጠ ማለት ነው። ያንተ መንገድ ደግሞ የባሰ ነው። ማለዳ ጦሳ ጉም ለብሶ፣ መኪናዋ በካፊያ ረጥባ ከደሴ ትወጣለህ። ሐይቅንና ውጫሌን አልፈህ መርሳ ስትደርስ ሙቀት ይቀበልሃል። እጥፋቱ ውስጥ የቀረው እርጥበት ሙቀት አገኘ ማለት ነው፤ እርጥበትና ሙቀት ሲገናኙ ዝገት ይፋጠናል። ማታ ተመልሰህ ደሴ ስታቆማት ብርዱ በላሜራው ላይ እንደገና ጤዛ ያስቀምጥበታል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ለሌሎች አንባቢዎች ላንሳ። በኮምቦልቻ፣ ባቲና ሚሌ መስመር የምትሠሩ፣ በተለይ ከአፍዴራ ጨው የምትጭኑ ሰዎች፣ ችግራችሁ ከዚህም ይከብዳል። ጨው እርጥበትን ይዞ ያቆያል፤ ዝገቱንም ያቻኩላል። ከጉዞ መልስ የበሩን ጠርዝና የመርገጫውን ሥር በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ ለናንተ የግድ ነው።

አሁን ከሁለት ዓመት በፊት ያስቀባኸው ቀለም ለምን እንደከዳህ ልንገርህ። የዛገ ብረት ከንጹሑ ብረት ከሁለት እጥፍ በላይ ቦታ ይይዛል። እጥፋት ውስጥ ያለው ዝገት በተራባ ቁጥር ንብርብሮቹን እንደ ሽብልቅ ይከፍታቸዋል። የቱንም ያህል ውድ ቀለም ብትቀባው ያንን ግፊት አይችልም። ይሰነጠቃል። በስንጥቁ አዲስ ውሃ ይገባል። ያኔ የተቀባው ቀለም መጥፎ ላይሆን ይችላል። የተቀባው በታመመ ብረት ላይ ስለነበር ነው።

ወደተሰጡህ ምክሮች ልምጣ። ሦስቱም ሰዎች በቅንነት እንደመከሩህ አልጠራጠርም። ሦስቱም ግን ይጎዱሃል።

ስቱኮ የላሜራን ጉድጓድ ማስተካከያ ነው። ቀዳዳ መድፈኛ ሆኖ አልተሠራም። ዋናው ጠባዩ ውሃ መምጠጡ ነው። በተበሳ ላሜራ ላይ ስትሞላው ከበሩ ሆድ የሚመጣውን እርጥበት ከጀርባው ይጠጣል፤ የጠጣውንም ብረቱ ላይ ይዞ ያቆያል። ሲወጣ መስታወት ይመስላል። አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ ግን ዳርዳሩን እንደ ቅርፊት ይነሳል። «በሦስት ቀን ይወጣል» ያለህ ሰው እውነቱን ነው፤ በሦስት ቀን ይወጣል። ሰርጉንም ያሳልፍልህ ይሆናል። የሚቀጥለውን ክረምት ግን አያሳልፍህም።

የባትሪ አሲዱን እባክህን እርሳው። ሰልፈሪክ አሲድ ዝገቱን እንደሚያሟሟ እውነት ነው። ከዝገቱ ቀጥሎ ደህናውን ብረት ይበላል። ጠፍጣፋ ብረት ላይ ቢሆን ወዲያው ታጥበዋለህ። እጥፋት ውስጥ የገባን አሲድ ግን በምን ታጥበዋለህ? ውሃ ስትለቅበት አሲዱን ይበልጥ ወደ ውስጥ ትገፋዋለህ። እዚያው ቀርቶ ከቀለምህ ሥር ሥራውን ይቀጥላል። ዓይንና እጅ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ሳይነሳ ማለት ነው።

በፎስፎሪክ አሲድ የተሠሩት የዝገት መለወጫዎች ከባትሪ አሲድ ጋር አይወዳደሩም። በገላጣ ብረት ላይ በልኩ ከተቀቡ ይጠቅማሉ፤ ቀዩን ዝገት ወደ ጠቆር ያለ፣ ቶሎ ወደማይዝግ ሽፋን ይለውጣሉ። ወፍራም ቅርፊት ላይ ግን የሚለውጡት የላይኛውን ገጽ ብቻ ነው። ሥሩ ያው ዝገት ነው። ትርፉ አሲድ በደንብ ካልተነሳ ደግሞ ብዙዎቹ ኤፖክሲ ፕራይመሮች (ከቀለም በፊት የሚቀቡ መሠረቶች) በላዩ አይጣበቁም። በዚህ ምክንያት እኔ እጥፋት አካባቢ አልጠቀምባቸውም። ኮምጣጤና ሎሚም ያው አሲድ ናቸውና በዚሁ ይካተቱ።

ሲሊኮኑ ሦስት ጥፋት አለው። የመጀመሪያው፣ በየሱቁ የምናገኘው ርካሹ ዓይነት ሲደርቅ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። ሽታው አሴቲክ አሲድ ነው፤ ብረትን ያዝጋል። ሁለተኛው፣ ሲሊኮን ላይ ቀለም አይዝም። ሽታው እንኳ ባይኖረው ነክቶት ያለፈው ቦታ ሁሉ ላይ ቀለሙ እንደ ዓሣ ዓይን ክብ ክብ ክፍተት እየሠራ ይሸሻል። ሦስተኛው ከሁሉም ይከፋል። በውስጡ እርጥበት ያለን እጥፋት ከውጭ ስትደፍነው እርጥበቱን ከብረቱ ጋር አሰርከው ማለት ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ይህንኑ በአንድ ሚኒባስ ላይ አድርጌዋለሁ። የበሩን ጠርዝ ዙሪያውን በማሸጊያ ዘጋሁ። ከበፊቱ ይበልጥ ጥሩ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ቀዳዳዎቹንም ጭምር ደፈንኩ። ባለቤቱ በዓመቱ ሲመለስ በሩን ስከፍት ውስጡ ውሃ ሲንቦጫቦጭ ሰማሁ። የታችኛው ጠርዝ በእጄ ላይ ቀረ። በሩን ከኪሴ ቀየርኩለት። ከዚያ ወዲህ የውሃ መውጫ ቀዳዳ ሳላይ ማሸጊያ አልነካም።

ላቫጆ ላይ በየበሩ ሥር የሚረጨው የተቃጠለ ዘይትስ? ውሃን ለጊዜው ያባርራል። ነገር ግን የተቃጠለ ዘይት ከሞተር ያመጣው አሲድና ቆሻሻ አለበት፤ የበሩንም ጎማ ያበላሻል። በቅርቡ ቀለም ልታስቀባ ካሰብክ ደግሞ ዘይት የገባበትን እጥፋት አጽድቶ ፕራይመር ማስያዝ እጅግ ከባድ ነው። አንተ ከአሁን ጀምሮ እስክታስቀባ ድረስ ዘይትም ናፍጣም እንዳታስረጭ።

ቀጥሎ የበሮችህን ደረጃ ለይ። ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ራስህም ትችለዋለህ። የበሩን የውስጥ ልባስ አውጣ። ከሥሩ ያለውን ላስቲክ ሳትቀድ ላጠው፤ ስትመልሰውም በደንብ አጣብቀው፣ ውሃ ወደ ወንበርህ እንዳይመጣ የሚከለክለው እሱ ነው። ከዚያ በባትሪ መብራት ወደ ታች እይ። ጭቃ ካለ አውጣ። የደረቀውን በቀጭን ብሩሽ ጥረግ፤ የቀረውን በንጹሕ ውሃ አስወጣ። ቀዳዳዎቹን በመጥረጊያ ስንጥር ወይም በፕላስቲክ ማሰሪያ ክፈት። በሚስማርና በካቻቢቴ አትጎርጉር፤ የቀዳዳውን ከንፈር ትልጠውና ለራሱ አዲስ የዝገት መነሻ ትሠራለህ።

ከዚያ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለህ የበሩን ታች በውጭ በኩል ፈትሽ። ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ሥሩ ወፍራም ስቱኮ ነው። በመጨረሻ ሹል ነገር ይዘህ እጥፋቱን ከሥር በኩል ጠንከር አድርገህ ተጫነው። ካልገባ ብረት አለ። ከገባ ወይም ጠርዙ እንደ ቅጠል እየተላጠ ከመጣ ግን ብረት የለም። የሌለን ብረት ደግሞ በምንም ቅባት አትመልሰውም።

ከጻፍክልኝ ተነስቼ ስገምት የኋላ ግራው በር አልቋል። ሦስቱ ገና ይመስላሉ። ስለዚህ ሁለቱን ለየብቻ ላስረዳህ።

ብረቱ ጠንካራ ሆኖ ጠርዙ ብቻ ባበጠበት በር ላይ እጥፋቱን መክፈት አያስፈልግም። አሮጌ እጥፋትን ገልብጦ መመለስ ብዙ ጊዜ ይሰነጥቀዋል። መጀመሪያ ቅባትና ሰም በማጽጃ ይነሳል። ከመፋቅ በፊት ነው ይህ የሚደረገው፤ ካለዚያ የብርጭቆ ወረቀቱ ቅባቱን ወደ ብረቱ ያሸዋል። በአንድ ጨርቅ ታረጥባለህ፣ ሳይደርቅ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ ታነሳለህ። ከዚያ ያበጠው ቀለም፣ አሮጌው ስቱኮና የፈረሰው ማሸጊያ ሙሉ በሙሉ ይነሳል። ያበጠበትን ብቻ ፍቆ ማቆም አይገባም። ደህና ቀለም ካገኘህ በኋላም ሁለት ሦስት ጣት ያህል አልፈህ ሂድ፤ ዝገት ከቀለም ሥር ከሚታየው በላይ ይሄዳል። ለሰፊው ቦታ የሽቦ ብሩሽ ወይም የላስቲክ ዲስክ ይበቃል። ግራይንደርን በድንጋይ አትጠቀም። የበሩ ላሜራ ውፍረት ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው፤ ድንጋዩ ዝገቱን ሲጨርስ ብረቱንም አብሮ ይጨርሰዋል። መጨረሻ ላይ በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ብረቱን ሻካራ አድርገው። ፕራይመር የሚይዘው ጭረት ይፈልጋል።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚዘለው ነገር ደርሰናል። ማድረቅ ነው። እጥፋቱን በኮምፕሬሰር አየር ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው እየነፋህ ውሃውን አስወጣ። ኮምፕሬሰሩ ራሱ ውሃ እንዳይተፋበት አስቀድመህ ታንከሩን አራግፈው። ከዚያ በሩን ፀሐይ ላይ ክፍት አድርገህ አቆየው። ፀሐይ ከሌለ በፀጉር ማድረቂያ ወይም በሙቅ አየር ቀስ ብለህ አሙቀው፤ ላሜራው በእጅህ መንካት የምትችለውን ያህል ይሙቅ እንጂ አይቃጠል። ደርቋል ብለህ ስታስብ እንደገና አየር ንፋበት። ትንሽ ጠብታ እንኳ ከወጣ ገና ነው። እኔ ለዚህ ብቻ አንድ ሙሉ ቀን እሰጣለሁ። ባለመኪናው ቆሞ ሰዓቱን ቢያይም እሰጣለሁ። እርጥብ እጥፋት ላይ የሚሠራ ሥራ ሁሉ ከንቱ ድካም ነውና።

በደረቀው ላይ የሚገባው ባለሁለት ዕቃ ኤፖክሲ ፕራይመር ነው። አንዱ ዕቃ ቀለሙ፣ ሌላው ማጠንከሪያው ነው። በዓይን ግምት አይቀላቀልም፤ ቆርቆሮው ላይ በተጻፈው ልክ ነው። በየቦታው በአንድ ቆርቆሮ ብቻ የሚሸጠው ተራ ፕራይመርና ግራጫው አንቲረስት ቦታውን አይተኩም። ተራው ፕራይመር ውሃ ያሳልፋል፤ ኤፖክሲው ግን ይዘጋል። የመጀመሪያውን ዙር አምራቹ በሚፈቅደው ቲነር አቅጥነህ በቀጭን ብሩሽ ወይም በመርፌ ሲሪንጅ ወደ እጥፋቱ አፍ አጠጣው። ደረቅ ከሆነ ራሱ እየሳበ ይወስደዋል። መውሰዱን በዓይንህ ታየዋለህ። እስኪጠግብ ደጋግምለት። ውስጥ ድረስ እያንዳንዱን ነጥብ ይደርሳል ብዬ አልዋሽህም፤ የተጋገረ ዝገት ያለበትን አያልፍም። አፉን መዝጋቱና አዲስ ውሃ መከልከሉ ግን ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ የተፋቀውን ቦታ በሙሉ በውጭም በውስጥም ቅባው። የተፋቀ ብረት ደሴ ጉም ውስጥ ካደረ ጠዋት ቀይ ሆኖ ታገኘዋለህ። ስለዚህ ማድረቁ ቀን ከፈጀ የመጨረሻውን ፍቀት ከደረቀ በኋላ አድርገህ፣ የፋቅኸውን ዕለቱን ፕራይመር አድርግ።

ስቱኮ ካስፈለገ ከኤፖክሲው በላይ ይመጣል፣ በስሱ። ማሸጊያውም ከኤፖክሲው በኋላ ነው። በላዩ ቀለም የሚቀበል የፖሊዩሬቴን ማሸጊያ ጠይቅ፤ የመኪና መስታወትና አካል የሚሠሩ ሰዎች ያውቁታል። በእጥፋቱ አፍ ላይ ስስ መስመር አድርገህ በጣትህ አስተካክለው። የውሃ መውጫ ቀዳዳ ጋ ስትደርስ አቁም። ቀዳዳው ውስጥ ክብሪት እንጨት ሰክተህ ብትሠራ አትሳሳትም። የላይኛውን ቀለም ማንም ጥሩ ቀቢ ይሠራዋል። እዚያ ላይ ብዙ አልልህም።

ወደ ኋላ ግራው በር እንሂድ። ይህ መቆረጥ አለበት። የበሰበሰው የታችኛው ክፍል ደህና ብረት እስኪገኝ ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበየዳል። የውስጡ ላሜራም አብሮ ከተበላ እሱም ይቆረጣል። ባትላሜራው የሚበይድበትን መሣሪያ ጠይቀው። በኤሌክትሮድ የሚበይድ ከሆነ ቀጭኑን ላሜራ ይበሳዋል። በሚግ (ቀጭን ሽቦ እየመገበ በሚበይድ መሣሪያ)፣ ያውም እያራራቀ በነጥብ በነጥብ የሚበይድ ሰው ፈልግ። በአንድ ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ የበየደ ሰው በሩን በሙቀት ያጣምመዋል፤ የተጣመመውን ለማቅናት ደግሞ ወፍራም ስቱኮ ይጠራል። አዲሱ ጠርዝ ከመታጠፉ በፊት እርስ በርስ የሚገናኙት ገጾች ሁሉ ኤፖክሲ ይቀቡ። ይህን ካላልከው ብዙው አያደርገውም። የብየዳው ጀርባም ባዶ ብረት ነውና ከውስጥ ሳይቀባ እንዳይቀር።

ሌላው ምርጫ በሩን መቀየር ነው። የዲኤክስ በር ያገለገለ ይገኛል፤ ኮምቦልቻና ደሴ ካጣህ አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ፈልግ። የውስጡም የውጩም ላሜራ ከተበላ እኔ ከመቁረጥ ይልቅ መቀየርን እመርጣለሁ። ስትገዛ በሩን ገልብጠህ ሥሩን እይ፤ ማግኔትህን ይዘህ ሂድ። አዲስ የተቀባ ያገለገለ በር ካሳዩህ ተጠንቀቅ። አሮጌ ቀለሙን እንደያዘ ያለ፣ የተጫጫረ ግን ጠርዙ ጠንካራ የሆነ በር ይሻልሃል።

ከቀለም በኋላ የሚቀር አንድ ሥራ አለ። ለዓመታት የሚያቆይህም እሱ ነው። ቀለሙ ቢያንስ ሳምንት ከደረቀ በኋላ በበሩ ሆድ ውስጥ የሚረጭ የሰም ዓይነት አለ፤ ካቪቲ ዋክስ ይባላል። ረጅም ቀጭን ቱቦ ያለው ነው። በውሃ መውጫው ቀዳዳና በልባሱ በኩል አስገብተህ እጥፋቱን ከውስጥ ታጠጣዋለህ። ቆርቆሮውን አስቀድመህ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አቆየው፤ ይቀጥናል፣ ርቆም ይገባል። ኤፖክሲው ያልደረሰበትን ክፍተት ሰሙ ሞልቶ ውሃውን ያስወጣል። ሲጨርስ ቀዳዳዎቹን በስንጥር እንደገና ክፈት። በየሁለት ዓመቱ፣ ክረምት ከመግባቱ በፊት ግንቦት ላይ ድገመው። ሰሙን ካጣህ ንጹሕ አዲስ የሞተር ዘይት ሁለተኛ ምርጫ ነው፤ ጎማው ላይ እንዳይንጠባጠብ ተጠንቅቀህ በየዓመቱ ትደግመዋለህ። ቅደም ተከተሉን ግን አታዛባ። ሰም ከቀለም በፊት ከገባ ቀለም አይዝም። ሰም የገባበት በር ደግሞ አይበየድም፤ በእሳት ይያያዛል።

ጤናህን በተመለከተ ሦስት ነገር ልበል። ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበት ቀለም ሲረጭ የሚወጣው ጭጋግ ብዙ ጊዜ አይሶሳይኔት የሚባል ሳንባ የሚጎዳ ነገር አለበት። የጨርቅም የወረቀትም ጭምብል አያቆመውም። ትክክለኛ ማጣሪያ ያለው ጭምብልና በቂ አየር የሌለው ሰው አይርጭ፤ ልጆችም በአካባቢው አይዋሉ። አሮጌ ቀለም ስትፍቅ እያረጠብክ ፍቀው፤ እንደ ዲኤክስ ባሉ የዱሮ መኪኖች ቀለም ውስጥ እርሳስ (ሊድ) የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል። ብየዳ ከመጀመሩ በፊት ባትሪው ይፈታ፤ የበሩ መስታወትና ልባስም ይውጣ፤ ፍንጣሪው መስታወት ላይ እንደተጣበቀ ይቀራል።

የቀረው ጊዜው ነው። ነሐሴ ላይ አታስቀባ። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በክረምት እጥፋት የሚደርቅበት ቀን አታገኝም። ብዙዎቹ ኤፖክሲዎች ደግሞ ቅዝቃዜው ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ መጠንከራቸውን ያቆማሉ ማለት ይቻላል። የወሎን በልግም አትርሳው፤ ከየካቲት ጀምሮ ሊዘንብብህ ይችላል። የሚመችህ ወቅት ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ ነው። ስለዚህ የእኔ ምክር እንዲህ ነው። አሁን ልባሱን አውጣ፣ ጭቃውን ጥረግ፣ ቀዳዳዎቹን ክፈት። ፀሐይ በወጣ ቁጥር በሮቹን ከፍተህ አናፍሳቸው። ሌላ ምንም አትቀባቸው። የኋላ ግራውን በር በመስከረምና በጥቅምት ፈልገህ ቀይረው፤ ካጣህ አስቆርጠህ አስበይደው። ኅዳር ላይ ሦስቱን አስፍቅ፣ አድርቅ፣ ኤፖክሲ አስጠጣ፣ አሽግና አራቱንም በአንድ ጊዜ አስቀባ። የሚቻልህ ከሆነ ሥራውን ኮምቦልቻ አሠራው። ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅም 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ሙቀቷ ለኤፖክሲም ለቀለምም ይመቻል። ታኅሣሥ ላይ ሰሙን ታስረጫለህ። አብሽር፣ ለጥር ሰርግ ትደርሳለህ።

ገንዘቡ አራቱን በሮች አሠርቶ መኪናዋን በሙሉ ለማስቀባት ካልበቃህ ሙሉ ቀለሙን ተወው። በሮቹን ብቻ በትክክል አሠርተህ ኤፖክሲውና ማሸጊያው ላይ ቀለም ይረፍበት። ኮፈኖና ጣሪያው ከፀሐይ የደበዘዘ ቢሆን በፖሊሽ ተወልውሎ ለሰርግ ይበቃል። ባለሙያው የሥራውን ደረጃ እንዲዘል ግን አትፍቀድለት። ከመጀመሩ በፊት «ሳትቀባው እጥፋቱን ልየው» በለውና ኤፖክሲው እንደደረቀ መጥተህ እይ። የማያሳይህ ከሆነ ሌላ ሰው ፈልግ።

ሒሳብ ከመክፈልህ በፊት አንድ ጆግ ውሃ ያዝ። በእያንዳንዱ በር መስታወት ላይ ቀስ አድርገህ አፍስሰውና ጎንበስ ብለህ ሥሩን ተመልከት። ውሃው በቀዳዳዎቹ ሁሉ እየተንጠባጠበ ከወጣ ሥራው ተሠርቷል። ካልወጣ ቁልፉን አትቀበል፤ ቀዳዳው እስኪከፈት እዚያው ጠብቅ።